ሥራ ፈት የመሰለችህ የቀኟ ቁልፍ

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድሜ ለለምጀድ፤

እንዴት ከርመሃል? ብርዱና ዝናቡ የገባባችሁ ሰሞን ነውና ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቅህ ጤናህን ነው። ያ ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም እንደ ሽማግሌ ትነሣለህ? ሚስትህ ሃነከስ ደህና ናት? ትንሹ ልጅህ ኢልያስ ጥርስ አወጣ ብለኸኝ ነበር፤ አሁን ማንን ማንን ይነክሳል? እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም አለን። አክስታችን ራድያ ጉልበቷን ያማታል፤ ምላሷን ግን አንድ ቀን አሟት አያውቅም። አባባም ደህና ናቸው። ደህና ናቸው ስልህ በስልክ የምንባባለውን "ደህና" ማለቴ አይደለም፤ እውነተኛውን ነው። እዚህ እስኪደረስ ግን ብዙ ነገር ሆኗልና ወንበርህን ሳብ አድርገህ ተቀመጥ።

ይህን በስልክ መንገር አቅቶኝ አይደለም። በስልክ ግን አንተ "እሺ፣ እሺ" ትላለህ፣ እኔ እቆጣለሁ፣ ራድያ ከኋላ ትጮሃለች፣ ነገሩ ሳይነገር ካርዱ ያልቃል። ደግሞም አባባ "አደራ፣ ለልጁ እንዳትነግሪው" ብለውኛል። አደራ ከባድ ነገር መሆኑን አውቃለሁ። ሳስበው ሰንብቼ ነው፤ ብነግርህ ይሻላል ብዬ ቆረጥኩ።

ለቀባሪው አረዱት እንዳትለኝ እንጂ፣ ነገሩ ለእኔ እንዴት እንደታየኝ እንድታውቅ ከመጀመሪያው ልጀምር። ከረመዳን በኋላ አባባን ስትሮክ ሲመታቸው አላህ ነፍሳቸውን አተረፈልን፤ ግራ እጃቸው ግን እንደ እርጥብ ፎጣ ተንጠልጥሎ ቀረ። መጥተህ ያየኸው ነው። ከሄድክ በኋላ ትንሽ በትንሽ ነፍስ ዘራ፤ ይነሣል፣ ይወድቃል፣ አንድ ነገር ይዞ መቆየት ግን አይሆንለትም። እሳቸው ደግሞ ከማስተማር ጡረታ ከወጡ ጀምሮ የቀርቀና ደሴት ዓሣ አጥማጆችን ቃላት ሲለቅሙ የኖሩ ሰው ናቸው። አንተው ባስተማርካቸው የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ለየፊደሉ አንድ አንድ ገጽ ከፍተው ይጽፋሉ፤ ቃሉን በዐረብኛ፣ ቀጥሎ ዓሣ አጥማጁ በአፉ እንዴት እንደሚለው በፈረንጅ ፊደል በአራት ማዕዘን ቅንፍ ውስጥ፣ ከዚያ ትርጉሙን። ማስቀመጡም፣ መፈለጉም፣ ከገጽ ገጽ መሄዱም በአቋራጭ ነው፤ ኮንትሮልን በግራ እጅ ተጭኖ ይዞ ሌላውን ቁልፍ በቀኝ መንካት። ማውዝ የሚባል ነገር አይወዱም። "አይጥ የድመት ሥራ ነው" ይላሉ።

እጃቸው ኮንትሮልን መያዝ ሲያቅተው አንተ ከአይንድሆቨን ሆነህ በኢንተርኔት ኮምፒውተራቸው ውስጥ ገባህ። በዚያ ፕሮግራም ውስጥ በቀኝ በኩል ያለችውን አልት የምትባል ቁልፍ ኮንትሮል አደረግሃት፤ ቁልፏን በቀኝ አውራ ጣት ይዘው በቀሩት ጣቶች እንዲያዝዙ። እኔም አጠገባቸው ቆሜ ሳይ ጉድ አልኩ። ራድያማ "ይሄ ልጅ ባሕር ማዶ ሆኖ የአባቱን እጅ ቀጠለለት!" ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። አባባ ግንባራቸውን በመዳፋቸው ያዝ አድርገው "አላህ ይባርከው" አሉ። አንድ ገጽ ላይ አንዲት ቃል ፈልገው አገኙ፣ አስቀመጡ፣ ሁላችንም ተደስተን ወደ ምሳችን ሄድን። ቅንፍ ግን ያን ቀን ማንም አልነካም።

ከዚያ ወዲህ አባባ ዝም አሉ። መጀመሪያ አላስተዋልኩም፤ ወቅቱ የወይራ ነው፣ እኔ ከዘይት መጭመቂያው ቤት የምገባው እጄም ጫማዬም ዘይት ብቻ ሆኖ ነው። ራድያ ናት የነገረችኝ። ድሮ ምሳ ላይ የጠዋት ሥራቸውን ይዘው እየመጡ "ይቺን ታውቂያታለሽ?" ይሏት ነበር፤ እሷም "ያንተ ደግሞ የከተሜ አፍ፣ እንዲህ አይባልም" እያለች ታርማቸው ነበር። ያ ቀረ። ቀኑን ደጋግመው ይጠይቁናል። በሩን ቆልፈው ተመልሰው ይነካሉ። አንድ ቀን በረንዳ ላይ ሆነው የድሮ ተማሪዎቻቸውን ስም ከፊት ረድፍ እስከ ኋላ ሲጠሩ ሰማኋቸው፤ አንዱ ስም ሲጠፋባቸው ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። የእጃቸው ነገር አሳዝኗቸው ነው ብዬ አለፍኩት። አየህ፣ አጠገብ መሆንም ማየት አይደለም።

ያለፈው ሳምንት መጀመሪያ ላይ ከሥራ ስገባ ጠርተው አስቀመጡኝ። ባሕር ላይ ያለችንን ድርሻ፣ አያታችን ያወረሰንን የዘንባባ አጥር የዓሣ ማጥመጃ፣ ሐሙስ ዕለት ውል አዋዋይ ዘንድ ሄደው ለአጎታችን ልጅ ለሙንጂ ሊያዞሩለት መሆኑን ነገሩኝ። ቃላቱንም በደረሱበት ላይ አቁመው፣ ቀድሞ ለጠየቀቻቸው የዩኒቨርሲቲ መምህርት ሊሰጧት መሆኑን። እኔ ቱግ አልኩ። "ምን ሆነዋል? እጅዎ እየዳነ እኮ ነው!" ብዬ ጮህኩ። "እጄን አይደለም" አሉኝ። "ሰው መፈረም ያለበት ፊርማው ገና ሲታመን ነው። ልጄ በያ፣ እኔ ጭንቅላቴን ነው ያመመኝ፤ እየጠፋሁ ነው።"

ከዚያ ሁሉንም ዘረገፉት። ለዓመታት የነኳትን ቁልፍ ይነካሉ፣ ቅንፍ አይመጣም። አንገታቸውን ደፍተው ፊደል እየፈለጉ ጽፈው ቀና ሲሉ ራሳቸውን በጂም ፊደል ገጽ ላይ ያገኙታል። የአንድ ነፋስ ስም በአንዱ ገጽ፣ አነባበቡ በሌላው። ጂም ገጽን ገልጠው ሲያዩት የየቃሉ ግማሽ እንደ ፍርስራሽ ተከምሯል፤ እዚያ ማን እንዳስቀመጠው አያስታውሱም። ለአንተ ኢሜይል ሲጽፉ ግን ያችው ቁልፍ ትታዘዛቸዋለች። "አንዱ ቦታ አውቀዋለሁ፣ አንዱ ቦታ ይጠፋኛል፤ እንዲህ አይደል የሚጀምረው?" አሉኝ። የእናታችንን አክስት አነሡ፣ ጫማዋን የዳቦ ምድጃ ውስጥ የምታስቀምጠውን። ለምጀድ፣ እውነት መስሎኝ ነበር። አመንኳቸው።

እንዳይበሳጩ ብዬ "እሺ፣ ለመምህርቷ የሚሆነውን እኔ ልጻፍ" አልኩና ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ አድራሻዋን እንድጽፍ አዘዙኝ። ስሟን ጻፍኩ፤ የኢሜይሏን የ@ ምልክት ለማምጣት የቀኟን አልት ይዤ ዜሮን ስነካ፣ ለዓይናቸው ብለን ያተለቅነው ጽሑፍ ድንገት ጉንዳን አከለ። ምልክቱ የለም። ደገምኩት፣ የለም። "ይሄ ደግሞ ምን ነካው፣ የኢሜይሉ ምልክት የት ገባ!" ብዬ ጠረጴዛውን መታሁት።

አባባ ከወንበራቸው እንዴት እንደተነሡ አላየሁም። ትከሻዬ ላይ እጃቸውን ጥለው "አንቺንም?" አሉኝ። "እኔንም ምን?" አልኳቸው። "ድገሚው" አሉ። ደገምኩት። "አሁን ቅንፉን" አሉ። የቀኟን አልት ይዤ አምስትን ስነካ ገጹ ዘሎ ጂም ላይ ገባ። "ድገሚው እስቲ፣ እንደገና!" ይሉኛል፤ እኔ እነካለሁ፣ ገጹ ይዘላል፣ እሳቸው ይስቃሉ። ራድያ ከጓዳ "ምን ተገኘ?" ብላ እየነከሰች መጣች፤ ማነከሷን ማለቴ ነው። አባባ "በያም አብዳለች፣ ልጄም እንደኔ አብዳለች!" አሏትና አለቀሱ። አባታችን ሲያለቅሱ ያየሁት በእማማ ቀብር ላይ ብቻ ነበር።

ጂም በዐረብኛ አምስተኛው ፊደል፣ አምስተኛው ገጽ ነው። አንተ የቀኟን አልት ኮንትሮል ስታደርጋት "አልትና አምስት" ቅንፍ መሆኑ ቀርቶ "አምስተኛውን ገጽ ክፈት" ሆነ፤ "አልትና ዜሮ"ም የኢሜይል ምልክት መሆኑ ቀርቶ "ጽሑፉን ወደ መጀመሪያ መጠኑ መልስ" ሆነ። ይህን ለመረዳት እኔ የዘይት ሴት አንድ ማለዳ ፈጀብኝ፤ አንተ መቼም ገና ማንበብ ስትጀምር ገብቶሃል፤ አሁን ፊትህን በእጅህ ይዘሃል። ያላችሁበት አገር ኪቦርድ ላይ ቅንፍ የራሱ ቁልፍ አለው፤ የቀኟ አልት እዚያ ሥራ ፈት ናት፣ ሰው አያያትም። እዚህ ቅንፉን የምታመጣው፣ የኢሜይሉን ምልክት የምታመጣው እሷ ናት። እዚህ እያለህ አንተም ስንት ጊዜ ነካሃት! ከእኛ ኪቦርድ ከራቅህ ረጅም ጊዜ ስለሆነህ የትኛዋ ቁልፍ እዚህ ቤት እንደምትሠራና የትኛዋ እንደማትሠራ ጣቶችህ ረሱት።

ተናድጄብህ ነበር። አልዋሽህም፣ ስልኩን አንሥቼ ልጮህብህ ቁጥርህን ስፈልግ ነበር። ከዚያ የፕሮግራሙን ማስተካከያ ስከፍት፣ አልትን ኮንትሮል ካደረግህባት መስመር በላይ "ለአባባ እጅ" ብለህ ጽፈህ አየሁ። ኮምፒውተሩ የማያነበው፣ ማንም እንዲያየው ያልጻፍከው። ንዴቴ እዚያው ላይ ቀረ። መስመሯን ሳላስፈቅድህ አጥፍቻታለሁ። "ለአባባ እጅ" የሚለውን ግን አልነካሁትም፤ ከሥሩ ምንም ሳይኖር እንዲሁ ተቀምጧል።

አሁን እንዴት ይሠራሉ ብትለኝ፣ በግራ እጃቸው ነው። እጃቸውን የምታፍታታው ባለሙያ ከበፊቱም ትቆጣን ነበር፤ "ግራ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አስተኝታችሁ በቀኝ ብቻ ስታሠሯቸው እጁ እንግዳ ይሆናል፣ እንግዳ ደግሞ ሥራ አይሠራም" ትላለች። ኮምፒውተሩ ውስጥ እንዲህ ላለ ሰው የሚሆን ነገር አለ ብላ ያሳየችኝ እሷ ናት፤ ኮንትሮልን ነክተህ ስትለቃት ቀጣዩን ቁልፍ እስክትነካ ድረስ እንደተያዘች ቆማ ትጠብቅሃለች። አባባ መያዝ ነው ያቃታቸው እንጂ መጣል ይችላሉ። እጃቸውን ከጠረጴዛው ጠርዝ ገፋ ያደርጉና ዘጭ ያደርጉባታል፤ አንዳንዴ አጠገቧ ያለችውንም ጭምር ይመታሉ። መጀመሪያ ላይ እየጠበቀች መሆኑን ይረሱና ፊደል ሲነኩ ሌላ ነገር ይሆንባቸዋል፤ ያን ጊዜ ስድቡን ብትሰማ! በማግሥቱ ግን "ይቺ ቁልፍ ከእናንተ ይልቅ ትታገሠኛለች" አሉን። ቅንፉን በቀኝ፣ ትዕዛዙን በግራ፤ ሁለቱም እጅ ቤቱ ገባ።

የተበተኑትን ቃላት ከራድያ ጋር ሆነው እየሰበሰቡ ነው። እሷ ማንበብ ስለማትወድ እሳቸው ከጂም ገጽ ግማሹን ያነቡላታል፣ እሷ የማን እንደሆነ ታውቃለች። "ይሄማ የኦክቶፐስ ማጥመጃ ማሰሮ ነው፣ ከዚህ ምን አመጣው!" ትላለች፤ እሳቸውም ወስደው ከቦታው ይተክሉታል። ሐሙስ ውል አዋዋዩ ዘንድ አልተሄደም። ሙንጂ ሲደወልለት ምን ቢል ጥሩ ነው? "ተመስገን! አጎቴ፣ በቁምዎ ልወርስዎ ነው እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር" አለ። ለመምህርቷም ሥራው ሲያልቅ እንደምትቀበል ጽፈንላታል፤ የኢሜይል ምልክቱን ያስገቡት ራሳቸው ናቸው።

ወንድሜ፣ እስካሁን የነገርኩህ ብቻ ቢሆን ኖሮ አደራቸውን አልበላም ነበር። "ለእኔ ብሎ የሠራው ነው፤ ካወቀ ሁለተኛ የእኔን ነገር ለመንካት ይፈራል፤ ተዪው፣ በደንብ እየሠራ ነው በዪው" ነበር ያሉኝ። እኔም ልተወው ነበር። በማግሥቱ በረንዳ ላይ አብረን ስንቀመጥ ግን፣ "ለምን ቀድመው አልነገሩኝም? ለምጀድን ለምን አልጠየቁትም?" ብዬ ጠየቅኋቸው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲሉ ያሳደጉን እሳቸው አይደሉ?

ይህን አሉኝ፤ ቃል በቃል ልጻፍልህ። "ቁልፏ አይደለችም እኮ ያሳመነችኝ። እናንተ ናችሁ። ለምጀድ ስለ አንድ የነፋስ ስም ሳምንት ሙሉ ያኮርፈኝ የነበረ ልጅ ነው። ከታመምኩ ወዲህ አንድ ቀን ተከራክሮኝ አያውቅም፤ የምለውን ሁሉ 'እውነትዎን ነው አባባ' ይለኛል። አንዴ ሆን ብዬ የማይሆን ነገር ተናገርኩ፤ 'እውነትዎን ነው' አለኝ። ሰው የሚከራከርህ አእምሮ አለው ብሎ ሲያምንብህ ነው። ያን ጊዜ፣ እሱ ያየብኝ ነገር አለ፣ ሐኪሙ የነገረው ነገር አለ፣ አልኩ። ቅንፏ ስትጠፋብኝ ታዲያ ምን ብዬ ልጠይቀው?"

ለምጀድ፣ እኔም ያው ነኝ። እኔም "እሺ አባባ" ስል ነው የከረምኩት። ሕመሙን እንዳናስቆጣው ብለን ድምፃችንን ዝቅ አደረግን፣ እሳቸው ደግሞ ከዝቅታው ውስጥ ፍርዳቸውን ሰሙ። የአንተን መስመር አንድ ማለዳ ላይ አጠፋኋት፤ ይህኛውን ግን እኔ ብቻዬን ላጠፋው አልችልም። ከእኛ ሁሉ ክርክሩን የሚወዱት ያንተን ነው።

ስለዚህ ይቅርታ እንዳትጠይቃቸው፤ ብትጠይቃቸው መናገሬን ያውቁና ሁለታችንንም ጉድ ያደርጉናል። ዓርብ ከጁምዓ መልስ፣ ቡናቸውን ጠጥተው ሲያበቁ ደውልላቸው። "ሸሉቅ" የሚባለውን ነፋስ ከደቡብ ምሥራቅ የሚመጣ ብለው ጽፈውታል፤ አንተ ደግሞ አያታችን ከደቡብ ነው ይል ነበር ትል እንደነበር አውቃለሁ። በሱ ጀምር። "አባባ፣ ተሳስተዋል" በላቸው። ይጮሁብሃል፤ ጩህ። ስልኩን ጆሮህ ላይ ከዘጉብህ ደግመህ ደውል። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ።

ራድያ ትስምሃለች፤ ቀጥታ ከአፏ የወጣውን ጻፊ ስላለችኝ፣ "ያ ቀጫጫ ይብላ፣ ሚስቱንም ያብላ" ትላለች። የደረቀ ኦክቶፐስ ሰው ሲገኝ ትልክልሃለች፤ ጎረቤቶችህ በጠረኑ እንዳይነሡብህ መስኮት ክፈትና ቀቅለው። ሙንጂና ልጆቹ ሰላም ብለውሃል። ሃነከን በኔ ስም እቀፋት፣ ኢልያስን ሁለቱን ጉንጮቹን ሳምልኝ፤ ከነከሰህ የእኔ ነው በለው። አባባ ለአንተ ሰላምታ እንድጽፍላቸው ብጠይቃቸው፣ "ለምን ትጽፊለታለሽ፣ እኔ እጅ የለኝም እንዴ?" አሉኝ።

የምትወድህ እህትህ በያ

ስፋክስ፣ ኖቬምበር 14 ቀን 2021